የኃይል ፕሮጀክት ደጅ ሲደርስ፦ ኩባንያዎች የነዋሪዎችን ተቃውሞ እንዴት ይመልሳሉ?

በቨርጂኒያ ስቴት አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ አምስት ጭስ ማውጫዎች ያሉት በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ1949 ጀምሮ ኃይል ሲያመነጭ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2001 ገደማ በአካባቢው የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች በመስኮታቸው ደፍ ላይ የሚያርፈው ጥቁር አቧራ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ጀመሩ። ማመንጫው ለዘለቄታው የተዘጋው ኦክቶበር 1 ቀን 2012 ነው።

በጥያቄውና በመዘጋቱ መካከል 11 ዓመታት አለፉ። በእነዚህ ዓመታት ኩባንያው ጥናት አቅርቧል፣ ክስ መሥርቷል፣ ገንዘብ መድቧል፣ በመጨረሻም ስምምነት ፈርሟል። የኃይል ኩባንያዎች ለነዋሪዎች ተቃውሞ ምላሽ የሚሰጡባቸው መንገዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ይገኛሉ።

ጉዳዩ ግን ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ስፕሪንግፊልድ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግን ጨምሮ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ዙሪያ፣ በተለይም ሰሜን ቨርጂኒያ፣ በዓለም ከፍተኛው የዳታ ማዕከላት ክምችት የሚገኝበት አካባቢ ሆኗል። ማዕከላቱ እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይሻሉ። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ማመንጫ፣ ማከፋፈያ ጣቢያና ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ይፈልጋል።

እነዚህ በማን ደጅ ያልፋሉ? አልፈልግም የሚል ነዋሪስ ምን ዓይነት ምላሽ ይጠብቀዋል?

ጥቅሙ ለሩቅ፣ ጉዳቱ ለቅርብ

የኃይል ፕሮጀክቶች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ጥቅማቸው ለሚሊዮኖች በጥቂት በጥቂቱ ይዳረሳል። ጫጫታው፣ አቧራው፣ የመሬት መወሰዱና የቤት ዋጋ መቀነሱ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ ይከማቻል። ከማመንጫው 50 ኪሎ ሜትር ርቆ መብራት የሚያበራው ሰው ሽቦው በማን ማሳ ላይ እንዳለፈ አያውቅም።

በኢንዱስትሪው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቃዋሚዎችን «ከጓሮዬ ራቁ ባዮች» ብሎ መፈረጅ የተለመደ ነበር። ትርጉሙ፣ ሰዎቹ ኤሌክትሪኩን ይፈልጋሉ፣ ሸክሙን ግን ለሌላ ሰው ያሸክማሉ ማለት ነው። ይህ አባባል አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ዘርፉን የሚያጠኑ ምሁራን ብዙውን ተቃውሞ እንደማያብራራ ይናገራሉ። ከእነዚህ አንዱ በብሪታኒያ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ፓትሪክ ዲቫይን-ራይት ናቸው። እንደ እርሳቸው ጥናቶች ሰዎች የሚቃወሙት ከራስ ወዳድነት ብቻ ሳይሆን፣ ፕሮጀክቱ ከሚኖሩበት ስፍራ ጋር ያላቸውን ትስስርና ማንነታቸውን ሲነካባቸውም ነው።

ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም የኩባንያውን ቀጣይ እርምጃ ይወስናል። ተቃዋሚውን ራስ ወዳድ አድርጎ የሚያይ ኩባንያ መፍትሔው ገንዘብ ወይም ፍርድ ቤት ነው ብሎ ያስባል። ተቃዋሚው የሚያውቀውን ቦታ እየተከላከለ እንደሆነ የሚረዳ ኩባንያ ደግሞ ከሁሉ በፊት ስለ ቦታው መጠየቅ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ምላሽ፦ «ሕጉን አክብረናል»

የአሌክሳንድሪያው ማመንጫ በ2000 መጨረሻ ከፔፕኮ ወደ ሚራንት ኩባንያ ተዛወረ። ነዋሪዎች ስለ አቧራው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ በዘርፉ የተለመደው ነበር፤ ማመንጫው ፈቃድ ያለውና በሕግ የሚሠራ ነው የሚል።

ነዋሪዎቹ ግን በቅሬታ ብቻ አልተወሰኑም። ባለሙያ ፈልገው፣ ሰነድ አገላብጠው፣ ጉዳዩን ወደ ከተማው ምክር ቤት ወሰዱት። የማመንጫው ጭስ ማውጫዎች በአቅራቢያው ባለው ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ምክንያት አጫጭር ነበሩ። ስለዚህ ጭሱ ከፍ ብሎ ከመበተን ይልቅ ወደታች ተመልሶ በአጠገቡ ባለው ባለብዙ ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ተገመተ። በስቴቱ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤት ትዕዛዝ የተካሄደውና በ2005 ይፋ የሆነው ጥናትም የአየር ጥራት ደረጃዎች ሊጣሱ እንደሚችሉ አሳየ። ሚራንት በኦገስት 2005 አምስቱንም ማመንጫ ክፍሎች አቆመ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ማመንጫው ለመዲናዋ ለዋሽንግተን ማዕከላዊ ክፍልና ለከተማዋ ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ኃይል የሚያቀብል ነበር። የዋሽንግተን የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን መዘጋቱ ከተማዋን ለመብራት መጥፋት ያጋልጣል ሲል ለፌዴራሉ መንግሥት አቤት አለ። የኢነርጂ ሚኒስቴርም በዲሴምበር 2005 ማመንጫው እንዲሠራ የአስቸኳይ ጊዜ ትዕዛዝ ሰጠ። በአንድ በኩል በጭስ ሥር የሚኖሩ ሰዎች፣ በሌላ በኩል የመዲናዋ መብራት ቆሙ።

ከተማውና ኩባንያው በፍርድ ቤትም ተገናኝተዋል። ከተማው የማመንጫውን ልዩ የመጠቀሚያ ፈቃድ ለመሰረዝ ያደረገውን ሙከራ ሚራንት ተከራክሮ በ2007 በቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ። ነገር ግን በፍርድ ቤት ማሸነፍ ከጎረቤት ጋር መታረቅ አልሆነም። በ2008 ኩባንያው ብክለትን ለመቀነስ 34 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ ተስማማ። ማመንጫውን የተረከበው ጄንኦን ኩባንያ ደግሞ በ2011 ከከተማው ጋር በተፈራረመው ውል ማመንጫውን ለመዝጋት ተስማማ። በምላሹም ከተመደበው ገንዘብ ሳይወጣ የቀረው 32 ሚሊዮን ዶላር እንዲመለስለት ተወሰነ።

ማመንጫውን ያዘጋው የነዋሪዎች ግፊት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በ2007 ፔፕኮ ሁለት አዳዲስ መስመሮች በመዘርጋቱ መዲናዋ በዚህ ማመንጫ ላይ የነበራት ጥገኝነት ቀነሰ። የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ መርከስም የድንጋይ ከሰልን አዋጭነት አዳክሞ ነበር። ቢሆንም ጥያቄው ባይነሳ ኖሮ ጉዳዩ ወደ ድርድር ጠረጴዛ ባልመጣ ነበር።

ሁለተኛው ምላሽ፦ መስመሩን ማዞር

ከስፕሪንግፊልድ በምዕራብ በኩል፣ በፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ፣ ጌንስቪል በሚባል ስፍራ ካርቨር ሮድ የተሰኘ መንገድ አለ። አካባቢው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች የሰፈሩበት ነው። ዘሮቻቸው፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ።

ዶሚኒየን ኢነርጂ በ2014 ከጌንስቪል ወደ ሄይማርኬት የሚዘልቅ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ለመዘርጋት አቀደ። ዋናው ምክንያት የአማዞን ንዑስ ኩባንያ የሚያስገነባው የዳታ ማዕከል ነበር። በቨርጂኒያ ሕግ 138 ኪሎ ቮልትና ከዚያ በላይ የሆነ መስመር የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽንን ይሁንታ ማግኘት አለበት። ኮሚሽኑም በርካታ አማራጭ መንገዶችን መረመረ።

ኮሚሽኑ በ2017 መጀመሪያ የመረጠው በባቡር ሐዲድ አጠገብ የሚያልፍ መንገድ ነበር። መንገዱ ግን የተደራጀ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለው አዲስ የመኖሪያ መንደር መሬት ላይ ያልፋል። መሬቱ ክፍት ሆኖ እንዲጠበቅ የሚያስገድድ መብት ለካውንቲው ተሰጥቶ ነበርና፣ የካውንቲው ቦርድ መስመሩ እንዲያልፍ አልፈቀደም። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ኮሚሽኑ ወደ ተለዋጩ መንገድ ተሻገረ። ያም መንገድ ካርቨር ሮድ ነበር።

የኃይል መስመር ዕቅድ አውጪዎች አነስተኛ ጉዳት የሚያስከትለውን መንገድ እንፈልጋለን ይላሉ። በተግባር ግን መስመሩ ተቃውሞ ወደሚያንስበት አቅጣጫ ያዘነብላል። ተቃውሞ የሚያንሰው ደግሞ ጉዳት በሚያንስበት ሳይሆን፣ ጠበቃ፣ ማኅበርና የምክር ቤት ሰው በሌለበት ነው። ይህን ለማድረግ ማንም ክፉ ማሰብ አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ ባለጉዳይ ከራሱ ደጅ ሲያርቀው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው የሚከላከለው ባጣ ደጅ ነው።

የካርቨር ሮድ ነዋሪዎች ግን ዝም አላሉም። አረጋውያኑ የቤተሰባቸውን የመሬት ታሪክ ይዘው አደባባይ ወጡ፤ አብያተ ክርስቲያናት፣ የመብት ተሟጋቾችና ቀደም ሲል ለሌሎቹ መንገዶች ሲከራከሩ የነበሩ ነዋሪዎች ሳይቀሩ አብረዋቸው ቆሙ። በዲሴምበር 2017 ዶሚኒየን ለካርቨር ሮድ መንገድ የነበረውን ድጋፍ አነሳ። በ2018 የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመሮችን ከመሬት በታች ለመቅበር የሚያስችል የሙከራ መርሐ ግብር አጸደቁ። መስመሩም በከፊል ተቀብሮ በአውራ ጎዳና 66 አጠገብ እንዲያልፍ ተወሰነ።

መቅበር ከመስቀል በጣም ይወደዳል። ወጪው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ተጠቃሚዎች ሒሳብ ውስጥ የሚካተት በመሆኑ፣ በስፕሪንግፊልድ አፓርታማ ተከራይቶ ለዶሚኒየን በየወሩ የሚከፍል ቤተሰብም የጉዳዩ ባለቤት ነው። ካርቨር ሮድን ፈጽሞ ባያውቀው እንኳ።

ሦስተኛው ምላሽ፦ ገንዘብና ስጦታ

በብዙ አገሮች ኩባንያዎች ለአካባቢው «የማኅበረሰብ ጥቅም» የሚሉትን ገንዘብ ያቀርባሉ፤ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለመንገድ ወይም ለስብሰባ አዳራሽ የሚውል። አግባብ ሆኖ ሲቀርብ ሸክምንና ጥቅምን የሚያቀራርብ መንገድ ነው። ዘግይቶና ተቃውሞ ከተነሳ በኋላ ሲመጣ ግን የዝምታ ዋጋ ይመስላል።

በቨርጂኒያ መሐል በሚገኘው በበኪንግሃም ካውንቲ፣ ዩኒየን ሂል በተባለ መንደር የሆነው ይህን ያሳያል። ዶሚኒየንና ዱክ ኢነርጂ በ2014 ከዌስት ቨርጂኒያ ተነስቶ በቨርጂኒያ በኩል ወደ ኖርዝ ካሮላይና የሚሄድ ወደ 965 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጋዝ ቧንቧ ለመዘርጋት ማቀዳቸውን አስታወቁ። ጋዙን ገፍቶ የሚያሻግረው የመጭመቂያ ጣቢያ የሚተከለው በዩኒየን ሂል ነበር። ይህም መንደር፣ እንደ ካርቨር ሮድ ሁሉ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች የቆረቆሩት ነው።

ተቃውሞው ሲጠነክር ዶሚኒየን 5.1 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የማኅበረሰብ ልማት ጥቅል አቀረበ። የአደጋ ጊዜ አገልግሎትን ማጠናከርና የማኅበረሰብ ማዕከል መገንባት ከተካተቱት ነበሩ። መንደሩም ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶች ጣቢያው ለማይቀር ነገር ቢያንስ የሚታይ ጥቅም እናግኝ አሉ። ሌሎች ደግሞ ጤናችን በስጦታ አይለወጥም ብለው በፍርድ ቤት ክርክራቸው ጸኑ።

በጃንዋሪ 2020 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የጣቢያውን የአየር ፈቃድ ሻረ። ፍርድ ቤቱ የስቴቱ መሥሪያ ቤት ጣቢያው በአቅራቢያው ነዋሪዎች ላይ የተለየ ጫና ያሳድር እንደሆነ በአግባቡ አልመረመረም ሲል ወሰነ። ኩባንያዎቹ በሌላ ክርክር በጁን 2020 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያሸንፉም፣ በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ፕሮጀክቱን መሰረዛቸውን አስታወቁ። መጀመሪያ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጃል የተባለው ሥራ በመዘግየቱ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር አሻቅቦ ነበር።

አራተኛው ምላሽ፦ ፍርድ ቤት

ከሲልቨር ስፕሪንግ በስተሰሜን፣ በሜሪላንዶቹ ባልቲሞር፣ ካሮልና ፍሬድሪክ ካውንቲዎች፣ ሌላ ክርክር እየተካሄደ ነው። የ13 ስቴቶችንና የመዲናዋን የኤሌክትሪክ አውታር የሚያስተባብረው ፒጄኤም በ2023 መጨረሻ ወደ 108 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የ500 ኪሎ ቮልት መስመር እንዲዘረጋ ወስኖ፣ ሥራውን ለኒው ጀርሲው ፒኤስኢጂ ኩባንያ ሰጠ። መስመሩ የፒድሞንት አስተማማኝነት ፕሮጀክት ይባላል።

ኩባንያው መስመሩ የሚያስፈልገው ፍላጎት በማደጉና ነባር ማመንጫዎች በመዘጋታቸው ምክንያት የአውታሩን አስተማማኝነት ለመጠበቅ ነው ይላል። ተቃዋሚዎች ደግሞ ኤሌክትሪኩ በዋነኛነት ለቨርጂኒያ የዳታ ማዕከላት እንደሚሄድ፣ ሸክሙ ግን በሜሪላንድ ገበሬዎች ላይ እንደሚወድቅ ይከራከራሉ።

በርካታ የመሬት ባለቤቶች የኩባንያው ባለሙያዎች ለጥናት ወደ ማሳቸው እንዳይገቡ ከለከሉ። ፒኤስኢጂ በ2025 ባለቤቶቹን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ዳኛውም በጁን 2025 ኩባንያው ለጥናት እንዲገባ የሚያስችል ጊዜያዊ ትዕዛዝ ሰጡ። በኋላም ኩባንያው ሠራተኞቹ ዛቻ ደርሶባቸዋል በማለት የፌዴራል ጸጥታ አስከባሪዎች አጀብ ጠየቀ።

ፍርድ ቤት መሄድ የኩባንያው ሕጋዊ መብት ነው። በተጨማሪም ያለ ጥናት የተሻለ መንገድ መምረጥም ሆነ ጉዳትን መመዘን አይቻልም። ሆኖም ከአንድ ገበሬ ጋር የመጀመሪያው ትውውቅ በመጥሪያ ወረቀት ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ፣ የካሳ ድርድሩም ጭምር፣ በጥርጣሬ ይጀምራል። እምነት የጠፋበትን ሰው ለማሳመን የሚወስደው ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያ ለማነጋገር ከሚወስደው ይበልጣል።

በኢትዮጵያና በጎረቤት

በኢትዮጵያ ሁኔታው በሁለት ነገሮች ይለያል። አንደኛ፣ ትልልቅ የኃይል ፕሮጀክቶች ባለቤት በአብዛኛው የግል ኩባንያ ሳይሆን መንግሥት ነው። ሁለተኛ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው የሚደራደረው በመሬት ዋጋ ላይ ሳይሆን በካሳ ላይ ነው።

የመጠየቅ መብት ግን በሕጉ ሰፍሯል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የማኅበረሰቡን አስተያየት ማካተት ይጠይቃል። የካሳው ስሌትም ተለውጧል። በ1997 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ አርሶ አደር ይታሰብለት የነበረው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህ ከፍ ብሎ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካገኘው ውስጥ ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ ተደነገገ።

ምክክር ሲጎድል የሚከተለውን ግን ከሰንዳፋ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። አዲስ አበባ ከቆሼ የቆሻሻ ክምር ለመላቀቅ በኦሮሚያ ክልል ሰንዳፋ አዲስ የማስወገጃ ስፍራ አስገንብታ በ2008 ዓ.ም ሥራ አስጀመረች። በቆሼ ደግሞ ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የረጲ ማመንጫ ግንባታ ላይ ነበር። የሰንዳፋ አርሶ አደሮች ስፍራው ሽታና ብክለት አመጣብን፣ ካሳውም አልበቃንም ብለው ተቃወሙ። ስፍራው በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ የከተማዋ ቆሻሻም ወደ ቆሼ ተመለሰ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሼ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩ ቤቶችን ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሞቱ። አደጋውን ያስከተለው የሰንዳፋ መዘጋት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ክምሩ ለአሥርት ዓመታት የተጠራቀመ ነበር። ነገር ግን በአንድ ቦታ ያልተመለሰ ቅሬታ ሸክሙን አጥፍቶት አልሄደም። ይልቁንም ከአንዱ ድሃ ደጅ አንስቶ በሌላው ድሃ ደጅ ላይ ጫነው። የረጲ ማመንጫ የተመረቀው ከዚያ በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም ነው።

በጎረቤት ኬንያም ተመሳሳይ ትምህርት ተገኝቷል። በኪናንጎፕ 60 ሜጋ ዋት ገደማ ለማመንጨት የታቀደ የነፋስ ኃይል ፕሮጀክት፣ ነዋሪዎች ከመሬታችን እንነቀላለን ብለው ስለሰጉና ተቃውሞው ወደ ግጭት ስላመራ በ2016 ተሰረዘ። በ365 የነፋስ ተርባይኖች 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቱርካና ሐይቅ ፕሮጀክት ደግሞ በ2019 በይፋ ተመርቆ ነበር። ሆኖም በ2021 ፍርድ ቤት የመሬቱ ባለቤትነት ሰነድ የተገኘው ሕጋዊ ሥርዓቱን ሳይከተል ነው ሲል ፈረደ። ተርባይኖቹ ከተተከሉ በኋላ የመጣ ጥያቄ ነው፤ የተነሳው ግን ከመተከላቸው በፊት ነበር።

ምክክር መቼ ምክክር ይሆናል?

አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን በ1969 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ የሕዝብ ተሳትፎን ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስለውታል። በታችኛው እርከን ሕዝብን ማባበል፣ በመሐል መንገርና ማማከር፣ በላይኛው ደግሞ ሥልጣን መጋራት ይገኛሉ። የአርንስታይን ነጥብ ቀላል ነው፤ ሰዎች ተናገሩ ማለት ተሰሙ ማለት አይደለም።

ካለፉት ታሪኮች በመነሳት እውነተኛ ምክክርን ከይስሙላው የሚለዩ አራት ጥያቄዎችን ማንሳት ይቻላል።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ኩባንያው የመጣው አማራጮች ክፍት ሆነው ሳሉ ነው ወይስ ካርታው ከታተመ በኋላ? ውሳኔ ካለፈ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ከማሳወቅ አያልፍም።

ሁለተኛው አማራጭ ነው። ነዋሪው መስመሩን እንዲያዞር፣ እንዲያስቀብር፣ እንዲያሳንስ ወይም ጨርሶ እንዲያስቀር የሚያስችል መንገድ አለ? ወይስ የሚጠየቀው የምሰሶውን ቀለም ብቻ ነው?

ሦስተኛው የስሚ ማንነት ነው። በስብሰባው የተቀመጠው ሰው መወሰን ይችላል ወይስ አስተያየት ሰብሳቢ ብቻ ነው? ቅሬታውን የሚመረምረው ኩባንያው ራሱ ነው ወይስ ገለልተኛ አካል?

አራተኛው ድርሻ ነው። ጥቅሙ በስጦታ መልክ ይሰጣል ወይስ በመብት? በዴንማርክ ከ2009 እስከ 2020 በሥራ ላይ የነበረ ሕግ አዲስ የነፋስ ኃይል የሚተክል ኩባንያ ቢያንስ 20 በመቶ የባለቤትነት ድርሻ ለአካባቢው ሰዎች ለሽያጭ እንዲያቀርብ ያስገድድ ነበር። ቅድሚያ የሚሰጠው በ4.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሚኖሩት ነው። አሠራሩ በኋላ በቀጥታ ክፍያ ቢተካም፣ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ድምፁን የሚሰማ ጎረቤት ከገቢውም መካፈል አለበት።

እነዚህ ሁሉ ተሟልተውም ተቃውሞ ሊቀር ይችላል። ያለ ኤሌክትሪክ መስመር የሚኖር ከተማ የለም፤ የመጨረሻው ውሳኔም ሁሉንም አያስደስትም። ልዩነቱ የተሸነፈው ወገን ሕጋዊ በሆነ መንገድ ተሰምቶ መሸነፉን ማመኑ ላይ ነው።

ደብዳቤው ሲደርስ

በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ካርታ ይያያዝበታል፣ የስብሰባ ቀንም ይጠቅሳል። እንደ ማስታወቂያ ቆጥሮ መጣል ቀላል ነው። በተለይ እንግሊዝኛ ለማያዘወትሩ አረጋውያን ወላጆች ልጆቻቸው ቢያነቡላቸው ይበጃል፤ ምክንያቱም በውስጡ አስተያየት የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን አለ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ዓይነት ይሆናል።

በቨርጂኒያ የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የመስመር ማመልከቻዎችን ሲመረምር ማንኛውም ሰው በጽሑፍ አስተያየት ማቅረብ ወይም በምስክርነት መናገር ይችላል። በሜሪላንድ ይህን ሥልጣን የያዘው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። በስቴቱ የቤት ኤሌክትሪክ ተጠቃሚዎችን ወክሎ የሚከራከር የሕዝብ አማካሪ ቢሮ አለ፤ በቨርጂኒያ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው በጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ሥር ያለ ክፍል ነው።

የመሬት ባለቤት ለሆኑ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኩባንያው የሚያቀርበው ውል ብዙውን ጊዜ መሬቱን መሸጥ ሳይሆን ለመስመሩ የመተላለፊያ መብት መስጠት ነው። ይህ መብት ለትውልድ ሊዘልቅ፣ በሥሩም ቤት መሥራትን ወይም ዛፍ መትከልን ሊከለክል ይችላል። ጠበቃ ሳያይ መፈረም አይመከርም። የመጀመሪያው የገንዘብ ግምትም የመጨረሻው መሆን የለበትም።

የካርቨር ሮድ አረጋውያን መስመሩ ከደጃቸው የራቀው ሁሉም ነገር ያበቃ በመሰለበት ሰዓት ነው። ኮሚሽኑ ወስኖ ነበር፤ ኩባንያውም ሕጋዊ ሥልጣን በእጁ ነበር። ይህ ለነዋሪዎች ተስፋ ነው። ለኩባንያዎች ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ዶሚኒየን ያን መንገድ በመጨረሻ የተወው በእነዚያ ቤቶች እነማን እንደሚኖሩና መሬቱን እንዴት እንዳገኙት አደባባይ ከወጣ በኋላ ነበር፤ ያን ለማወቅ በ2014 በር ማንኳኳት ይበቃ ነበር።